ኮፈኑ የሚከፈት መኪና ስንት ያወጣል?

ሰሞኑን አንድ የሽያጭ ማስታወቂያ እዚህ ቨርጂኒያ ካሉ ጓደኞቼ ጋር ሲያከራክረን ሰነበተ። የ1972 ሞዴል ሼቭሮሌት ሲ10 ፒካፕ፣ ዋጋው 48 ሺህ ዶላር። (የአሜሪካውን ነገር ሳወራ ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።) ይህ መኪና አዲስ ሳለ መነሻ ዋጋው 3 ሺህ ዶላር አይሞላም ነበር። ገበሬ ድርቆሽ የሚጭንበት፣ ቧንቧ ሠራተኛ ዕቃውን የሚወረውርበት የሥራ መኪና ነው። "ቅርስ ስለሆነ ነው የተወደደው" አለ አንዱ። ቅርስ እንዳንለው ደግሞ ከ1972 የቀረው ጋቢናው፣ ሻንሲውና ስሙ ነው። ሌላው ሁሉ ሞዲፋይ ተደርጓል።

ምን እንደተቀየረ በዝርዝር ልንገራችሁ። የድሮው ሞተር ወጥቶ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከተሠራ ሲልቨራዶ የወረደ 5.3 ሊትር ቪ8 ገብቶበታል። ካርቡሬተር የለም፤ ቤንዚኑን የሚመጥነው ኮምፒውተር ነው። ካምቢዮው አራት ማርሽ ያለው አውቶማቲክ ሆኗል። ፍሬኑ በአራቱም ጎማ ዲስክ ነው፤ በዚያ ዘመን የፊቱ ብቻ፣ እሱም ከ1971 ጀምሮ ነበር ዲስክ የሆነው። ከሁሉ የገረመኝ የነዳጅ ታንኩ ነው። እስከ 1972 በተሠሩት በእነዚህ ፒካፖች ላይ ታንኩ የሚቀመጠው ጋቢናው ውስጥ፣ ከወንበሩ ጀርባ ነበር። ሾፌሩ ቤንዚን ተደግፎ ነው የሚነዳው ማለት ነው። በዚህኛው ከኋላ ከጭነት ሳጥኑ ስር እንዲወርድ ተደርጓል፤ ለእኔ ከሞተሩ ይልቅ ገንዘብ የሚያወጣው ይኼ ሥራ ነው።

ቀለሙስ? ዝገቱና ልጥልጡ ሆን ተብሎ እንዳለ ተትቶ በላዩ ግልጽ ቫርኒሽ ተቀብቶበታል። "ፓቲና" ይሉታል። አዲስ ቀለም ቀብተው አሮጌ የሚያስመስሉም አሉ። እኛ አገር ሰው ዝገት ለመደበቅ ስቱኮ ያስለጥፋል፣ እዚህ ዝገቱ እንዳይጠፋ ይከፈላል። ይህን ለእናቴ በስልክ ማስረዳት አልቻልኩም።

ታዲያ በዚህ ብር አዲስ ፒካፕ አይገዛም ወይ? ይገዛል። ግን አዲሱ ፒካፕ ግዙፍ ነው፣ ውድ ነው፤ እኛ የምናውቀው ሃይሉክስ ደግሞ እዚህ በአዲስነት አይሸጥም። ከምክንያቶቹ አንዱ የሚያስቅ ነው፤ ዶሮ። በ1963 መጨረሻ ፕሬዚዳንት ጆንሰን፣ ፈረንሳይና ምዕራብ ጀርመን በአሜሪካ ዶሮ ላይ ለጣሉት ቀረጥ አጸፋ ብለው ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪናዎች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣሉ። የዶሮው ጠብ ተረሳ፣ ቀረጡ ግን ቀረ። ሱባሩ በአንድ ወቅት ይህን ለማምለጥ በፒካፑ የጭነት ሳጥን ውስጥ ወንበር ተክሎ "የቤት መኪና ነው" ብሎ አስገብቷል።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ናፍቆት አለበት፣ አልክድም። እኔ ግን የሚከፈለው በዋናነት መክፈት ስለሚቻል ነው ባይ ነኝ። የሲ10ን ኮፈን ስታነሱ በሞተሩ ዙሪያ መሬቱ ይታያችኋል፤ እጅም ቁልፍም ይገባል። ላሜራው፣ የበሩ ላስቲክ፣ የዳሽቦርዱ ሽፋን ሳይቀር ዛሬም አዲስ እየተመረተ ይሸጣል። ሕጉም ያግዛል። በጭስ ቁጥጥር ጥብቅነቷ የምትታወቀው ካሊፎርኒያ የ1975 ሞዴልና ከዚያ በፊት የተሠሩ የቤንዚን መኪናዎችን ከጭስ ምርመራ ነጻ አድርጋለች። ከዚያ ወዲህ በተሠራው ላይ ሞተር መቀየር ምርመራና ወረቀት ያስከትላል።

እዚህ ላይ "ኮምፒውተር ነው መኪናን ያበላሸው" የሚሉ ሰዎች ይሳሳታሉ። ይህ ፒካፕም ኮምፒውተር አለው! ልዩነቱ፣ የዚያ ሞተር ሶፍትዌር ከፋብሪካው ውጪ ባሉ ባለሙያዎች ከተፈታ ቆይቷል፤ ባለቤቱ ላፕቶፕ ሰክቶ ያስተካክለዋል። ይህም በነጻ የመጣ አይደለም። ባለቤት የገዛውን መኪና ሶፍትዌር ለጥገና ቢከፍት በቅጂ መብት ሕግ እንዳይጠየቅ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2015 ሲፈቅድ፣ ከተቃወሙት አንዱ የሼቭሮሌት ባለቤት ጄኔራል ሞተርስ ነበር። በማሳቹሴትስ ሕዝቡ በ2020 ድምፅ ሰጥቶ፣ መኪናው በገመድ አልባ የሚልከው የጥገና መረጃ ለባለቤቱና ለመረጠው ጋራዥ ክፍት እንዲሆን ከአራት ሦስት እጅ ገደማ ድጋፍ ሰጠ። አምራቾቹ ወዲያው ፍርድ ቤት ሄዱ።

የፒካፑን ፎቶዎች አዲስ አበባ ጋራዥ ለሚሠራው የእህቴ ልጅ ላክሁለት። በአሥር ደቂቃ ደወለ።

"ጋሼ፣ ቀለሙን ይተዉት። ሽቦውን ማን እንደዘረጋው ይጠይቁ። እንዲህ ዓይነት መኪና የሚቃጠለው በሽቦ ነው።" ቀጠለ፤ ሞተሩ የተቀመጠበት ብየዳ ከስር ፎቶ ይነሳ፣ ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲ ቁጥር ብረቱ ላይ ካለው ጋር ይመሳከር፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ደረሰኝ ይጠየቅ። አንድ ቀን እንኳ አሜሪካ ረግጦ የማያውቅ፣ ሲ10 በዓይኑ ያላየ ልጅ ነው። ግን ብረትና ሽቦ የትም ብረትና ሽቦ ነው።

"አንተ ጋስ ሥራ እንዴት ነው?" አልኩት።

"አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ሦስት ሳምንት ቆሞብናል። ባትሪው ደህና ነው። ዳሽቦርዱ ላይ አንድ መልእክት በራ፣ ከዚያ አልነሳም አለ። መልእክቱን የሚያነበው ሶፍትዌር እኛ ጋ የለም። አስመጪውን ስንጠይቀው ለእናንተ አይሰጥም አለን።"

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ሲናገር ደግፌያለሁ፤ አሁንም እደግፋለሁ። ነዳጁን በዶላር ነው የምንገዛው፣ ኤሌክትሪኩ ግን ከራሳችን ወንዝ ነው የሚመጣው። ነገር ግን ለአሥርት ዓመታት ይህችን አገር በጎማ ላይ ያቆሟት ሶማሌ ተራ ዕቃ ፈልገው፣ የጎደለውን ቀጥቅጠውና ቶርነው መኪና ያስነሱ እጆች ናቸው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ እያሉ ከጣሊያን የወረሱትን ቃል እንኳ አማርኛ አድርገውታል። አዲሱ መኪና ለእነዚህ እጆች ተቆልፎ ነው የሚገባው።

የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አለው፣ ማንም አይነካካው የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ ይገድላል። ስለዚህ ሥልጠናና የብቃት ፈቃድ ይኑር። የስህተት ኮድ ማንበብ ግን ማንንም አይገድልም።

ማስገደጃው ደግሞ በእጃችን ነው። መኪናው የሚገባው በመንግሥት ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ላይ አንድ አንቀጽ ይጨመር፤ አስመጪው የጥገና መመሪያውን፣ የመመርመሪያ ሶፍትዌሩንና መለዋወጫውን ብቃቱ ለተረጋገጠ ማንኛውም ጋራዥ በተመጣጣኝ ዋጋ ያቅርብ። ማሳቹሴትስ መኪናው ገበያ ከገባ በኋላ ነው የተከራከረችው። እኛ ገና ወደቡ ላይ እያለ መጠየቅ እንችላለን።

የእህቴ ልጅ አሁን ማታ ማታ በስልኩ ስለ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይማራል። እሱና ሦስት ባልደረቦቹ የመመርመሪያ መሣሪያ ለመግዛት ገንዘብ እያዋጡ ነው። ሶፍትዌሩን የሚሸጥላቸው ግን ገና አላገኙም።