ጥርት ያለ ውኃ

በደምበል ሕንፃ አጠገብ ካለች አንዲት ካፌ ተቀምጬ፣ አስተናጋጇ ከቡናው ጋር ያቀረበችልኝን ብርጭቆ ውኃ ወደ ብርሃን አንሥቼ ስመለከት፣ ዐይን ውኃን ለመመርመር የተሰጠን መሣሪያ እንዳልሆነ አሰብሁ። ይህን አብልጠው የሚያውቁት የስምጥ ሸለቆ ሰዎች ናቸው፤ ቀለምም ሽታም ጣዕምም የሌለው ፍሎራይድ ከእሳተ ገሞራ ዐለት እየሟሟ ወደ ጕድጓዳቸው ገብቶ፣ በወንጂ የሸንኮራ እርሻ መንደሮች እንደ ታየው፣ የሕፃናቱን ጥርስ ሲያጠቍር፣ የጎልማሶቹንም አከርካሪ ሲያደነድን ኖሯልና። ማፍላትም አያድንም፤ ውኃው ተንኖ ሲጎድል ፍሎራይዱ ይበረታል እንጂ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የነርቭ ሊቅ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር ከ1400 የሚበልጡ የውኃ መገኛዎችን መርምረው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ባወጡት ጽሑፍ፣ ሩብ ያህሉ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው 1.5 ሚሊ ግራም በሊትር በላይ ፍሎራይድ የያዘ መሆኑን ገለጡ፤ እንዲህ መርምሮ ማሳወቅም ለእኔ ከብዙ ስብከት የሚበልጥ ምግባር ነው።

እኛ ከተሜዎቹ ግን ከጣሪያችን ላይ ያለውን ሮቶ ማን እንደ መረመረው ስንኳ አንጠይቅም። የለገዳዲ ውኃ በክሎሪን ታክሞ ቢወጣም፣ በፈረቃ ጠብቀን በሮቶ ስናከማቸው ክሎሪኑ ይሳሳል። የኮንዶሚኒየም ማኅበራት ሆይ፣ በሚመጣው ስብሰባችሁ ይህን አጀንዳ አድርጉት፤ ውኃችሁን እንዲመረምሩላችሁም የዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎችን ደጅ አንኳኩ።