ፈሪ ለእናቱ?

ብዙ ሰው ጎልፍን የባለጸጎች ሽርሽር አድርጎ ይቆጥረዋል። አይፈረድበትም፤ በአዲስ አበባም ቢሆን የጎልፍ ሜዳ የሚገኘው እንደ እንግሊዝ ኤምባሲ ባለ የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። እኔም ጨዋታውን የማውቀው ጀሞ ካለው የኮንዶሚኒየም ቤታችን ሳሎን ሆኜ፣ በቴሌቪዥን ነው። የማረከኝ ግን የመቺዎቹ ክንድ ሳይሆን የሜዳ ቀራጮቹ ብልሃት ነው።

አሊስተር ማኬንዚና ቦቢ ጆንስ በአሜሪካዋ ጆርጂያ የቀረጹትን፣ እ.ኤ.አ. በ1933 የተከፈተውን የኦገስታ ሜዳ እንመልከት። በ13ኛው ጉድጓድ፣ ባንዲራው ከተተከለበት ልስልስ ሣር ፊት ለፊት ጅረት ይፈስሳል። የደፈረ በሁለተኛው ምት ኳሱን ከጅረቱ ማዶ ያሳርፋል፤ ከተሳካለት አንድ ምት ያተርፋል። የሠጋ ደግሞ ከጅረቱ ወዲህ አሳርፎ በሦስተኛው ምት ይሻገራል። ኳሱ ውኃ የገባበት አንድ ምት ይቀጣል፤ ጨዋታውን ግን ይቀጥላል። ቀራጩ ማንንም አያስገድድም፤ የድፍረትን ዋጋ ግን በግልጽ ያሳያል።

ታዲያ የትኛው መንገድ ይሻላል? እ.ኤ.አ. በ1985 ከርቲስ ስትሬንጅ በመጨረሻው ቀን ሲመራ ቆይቶ በ13ኛውና በ15ኛው ጉድጓድ ውኃውን ለመሻገር ደፈረ። ሁለቱንም ጊዜ ኳሱ ውኃ ገባ፤ ድሉም አመለጠው። በ1993 ቺፕ ቤክ በሦስት ምት እየተመራ ሳለ በ15ኛው ጉድጓድ ጥንቃቄን መረጠ፤ እርሱም አላሸነፈም። በሁለቱም ዓመታት ድሉ የበርንሃርድ ላንገር ሆነ። ድፍረትም ጥንቃቄም ዋስ ሆኖ አያውቅም።

ይህን ሁሉ የማነሣው ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ከጀሞ ሜክሲኮ የምትሠራ ሚኒባስ ለመግዛት፣ የእናታችንን ቤት በመያዣነት አስይዞ ለመበደር አሰበ። ቤቱ በዕጣ የደረሳት፣ ዕዳውንም ዓመታት ፈጅታ የከፈለችው ነው። ጓደኞቹ ሲያመነታ አይተው «ፈሪ ለእናቱ!» አሉት።

«ወንድም ጋሼ፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አለኝ።

«ኳሱ ውኃ ቢገባ ቅጣቱ ስንት ምት ነው?» ስል ጠየቅሁት። ዝም አለ። በዚህ ጨዋታ የሚመታው እርሱ፣ የምትቀጣው ግን እናታችን ነበረች። ለእርሷ ደግሞ ከዚያ ወዲያ ሌላ ምት የላትም።

ቻርልስ ብሌየር ማክዶናልድ ስላስተዋወቀው፣ «ኬፕ» ስለሚባለው አቀራረጽም ነገርሁት። ዛሬ ኬፕ በሚባለው ጉድጓድ ውኃው በመቺው ፊት ሰያፍ ይተኛል። ብዙ ውኃ የቆረጠ የቀረው መንገድ ያጥርለታል፤ ጥቂት የቆረጠ ይረዝምበታል። መጠኑን የሚመርጠው ራሱ መቺው ነው። የሚጠየቀው መድፈርና መፍራት ብቻ ሳይሆን፣ ምን ያህል መድፈር እንደሚገባም ነው።

ወንድሜ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቹ ጋር ቁጠባቸውን አዋጥተው አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ገዙ። ሲሶዋ የእርሱ ነው። ገበያው ሲደራ «ምናለ ሙሉዋ የእኔ በሆነች!» እያለ ይቆጫል፤ ጋራዥ ስትቆም ደግሞ ያመሰግነኛል። ሁለቱንም አልነቅፍበትም፤ ከሲሶ ሥጋት የሚገኘው ሲሶ ትርፍ ነውና።

እናታችን ነገሩን የሰማችው ዘግይታ ነው። «ብትጠይቁኝ ኖሮ እፈርም ነበር» ትላለች። ያልጠየቅናትም ስለዚሁ ነው።