በገበያ ቀን የመጣ ግምት

በ2009 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ሦስት የግብር ገማቾች ብቸና ወዳለችው ሱቄ ገቡ። ቀኑ ገበያ ነበር። የእነማይ ወረዳ ገበሬ ነጭ ጤፉን ሸጦ ጨው፣ ዘይትና ሳሙና ይዞ የሚመለስበት ሰዓት ስለሆነ ከባንኮኒው ፊት ሰው ተደራርቦ ቆሟል። አንደኛው ልጅ በእስክሪብቶው የስኳሩን ጆንያ እየጠቆመ፣ «እናቴ፣ ይህ በስንት ቀን ያልቃል?» አለኝ። «ዛሬ ገበያ አይደል? እስከ ማታ ያልቃል» አልሁት። ጻፈ። ዘይቱን ጠየቀ፤ ያንንም ጻፈ። ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆዩም። ገበያ በሌለ ቀን ሱቋ ምን እንደምትመስል የጠየቀኝ የለም።

ሰኔ ማለቂያ ላይ የግምቱ ወረቀት ደረሰኝ፦ የቀን ገቢ 1,800 ብር። በ300 የሥራ ቀን ሲባዛ 540,000 ብር። በጊዜው ሕግ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በታች የሆነ ነጋዴ ደረጃ «ሐ» ነው፤ በቁርጥ ይከፍላል። ከዚያ በላይ እስከ 1 ሚሊዮን ብር ደረጃ «ለ» ሲሆን የሒሳብ መዝገብ መያዝ ግዴታው ነው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያልዘለልሁ፣ ባሌ ከሞተ ወዲህ ሱቋን ብቻዬን የያዝሁ ሴት፣ በአንድ ወረቀት የሒሳብ ሠራተኛ ቀጣሪ ሆንሁ። ለግብሩም ለሠራተኛውም የሚበቃ ትርፍ በሱቋ ውስጥ አልነበረም።

ያን ክረምት የቀን ገቢ ግምት ያላስጨነቀው ትንሽ ነጋዴ ጥቂት ነው። በአምቦና በወሊሶ ሱቆች ተዘጉ፤ አዲስ አበባም ውስጥ እንዲሁ የዘጉ ነበሩ። አገሩ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ስለነበር እኛ ጋ ወሬው በሹክሹክታ ነበር። ከጎኔ ጨርቅ የሚሸጠው ጎረቤቴ ንግድ ፈቃዱን መለሰ። ባሕር ዳር ያለው ልጄ ደውሎ፣ «እማዬ፣ ዝጊውና ነይ» አለኝ። እንቅልፍ አጣሁ። ሌሊት ስገላበጥ ወደ ሐሳቤ የሚመጣው ግን ሱቋ ሳትሆን አባቴ ነበር።

እኔ የተወለድሁት ሞጣ አውራጃ ነው። በ1960 ዓ.ም. የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። በዚያ ዓመት መንግሥት አሥራትን ሽሮ የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አወጀ፤ ግብሩ የሚቆረጠው ገማች መጥቶ በሚገምተው ምርት ነው። የጎጃም ገበሬ ርስቱን ከአያት ከቅድመ አያቱ የያዘ ነውና ዛሬ ሰብሉን የሚገምት ነገ መሬቱን በቀላድ ይለካል ብሎ ሰጋ። ሞጣ፣ ብቸናና ዳሞት ገማች አላስገባም አሉ። አባቴ ግብር ገባር ሰው ነበር፤ ደረሰኙን በቀንድ ዋንጫ ውስጥ ጠቅልሎ ያስቀምጥ ነበር። «አውድማዬ ላይ ቆሞ ያላየ ሰው እንዴት ስንት ቁና እንዳገባሁ ይነግረኛል?» ሲል ሰምቼዋለሁ።

ጦር መጣ። አውሮፕላንም መጣ። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላ፣ እኔን በእጇ ይዛ ወደ ሰባራ ድልድይ በሚወስደው ገደል ወረድን። ድንጋይ ሥር ተጠግተን ሳለን ድምፁ በላያችን ሲያልፍ አፌን በነጠላዋ ጠቀጠቀችው፤ የጭስና የቅቤ ሽታው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ስንመለስ ጎተራችን አመድ ነበር። ከጎረቤቶቻችን ያልተመለሱ አሉ። በመጨረሻ ንጉሡ ከ1942 እስከ 1960 ዓ.ም. የተጠራቀመውን የግብር ውዝፍ ማሩ፤ የጎጃም ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴም ተነሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኮንን ተተኩ። የሞተ ግን አልተነሣም።

ስለዚህ ሱቄን ዘግቼ መሄድም ሆነ መጮህ አልሆነልኝም። የነበረኝ አንድ ደብተር ነው። ባሌ ከሞተ ጀምሮ እንዳልታለል ብዬ ማታ ማታ ከፊት ገጹ የዕለቱን ሽያጭ፣ ከኋላው ዱቤውን እጽፍበታለሁ። ገማቾቹ አልጠየቁኝም፤ እኔም የዘይት እድፍ ያለበት ደብተር ለመንግሥት ይታያል ብዬ አላሰብሁም። ቅሬታ ለማቅረብ 21 ቀን ነበረኝ። በዘጠነኛው ቀን ማመልከቻውን የቀበሌያችን መምህር ጻፈልኝና ደብተሩን ይዤ ገባሁ።

ከቅሬታ ሰሚዎቹ አንዱ መነጽሩን አድርጎ ገጽ በገጽ ደመረ። በገበያ ቀን 1,800፤ በሌሎቹ አምስት ቀናት 400፣ 380፣ 420። ከኋላው ደግሞ እህል እስኪገባ የሚጠብቅ የገበሬ ዱቤ። ዝም ብለው ተያዩ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ፣ ግምቱ 650 ብር ተብሎ ተጻፈልኝ፤ በዓመት 195,000። በደረጃ «ሐ» ቀረሁ። ሐምሌ ሳይወጣ ዕቁቤን አስቀድሜ ወስጄ ከፈልሁ፤ ደረሰኜንም ተቀበልሁ። የጨርቅ ነጋዴው ጎረቤቴ ግን አልተመለሰም፤ እሱ ደብተር አልነበረውም። ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል፤ ሥራውን የሚያውቅ፣ ሰው የማያታልል ነጋዴ ነበር።

ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልላችን ግጭት የተነሣ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ሱቅ ይዘጋል፤ ዕቃም አይገባም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይመራ ከተባለ በኋላ ደግሞ የዕቃው ዋጋ ናረ። ሽያጬ በቁጥር አበጠ እንጂ ትርፌ አልጨመረም። ሐምሌ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ ሦስቱን ደረጃ ሁለት አድርጎታል፤ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የምንሸጥ ሁላችን ደረጃ «ለ» ነን፤ ግብራችንም የሚታሰበው ከጠቅላላው ሽያጭ ነው። እንግዲህ ሽያጩን በትክክል ማወቅ ከበፊቱ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ለእኛም ለሰብሳቢውም።

ግብር እከፍላለሁ፤ አባቴም ይከፍል ነበር። ገማች የምትልኩ ወገኖች ሆይ፣ ገበያ በሌለበት ቀንም ላኩልን፤ ደብተራችንንም ጠይቁን። እናንተም በየሱቁ ያላችሁ እህት ወንድሞቼ፣ የዛሬን ሽያጭ ሳትጽፉ አትደሩ።