ከመንገዱ ማዶ ያለች እህት

በዓይናችሁ የምታዩት፣ በእግራችሁ ግን በቀላሉ የማትደርሱበት ሰፈር አለ? በአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ዳር የምትኖሩ ከሆነ ጥያቄው ወዲያው ይገባችኋል።

ይህ መንገድ በ1990ዎቹ ሲሠራ ዓላማው ግልጽ ነበር፤ ከባድ መኪና መሀል ከተማ ሳይገባ በዳር በዳር እንዲያልፍ። ለአሽከርካሪው ትልቅ እፎይታ ሆነ። መሀሉ ላይ የተደረደረው የሲሚንቶ አጥር ግን በአንድ ዕድርና በአንድ ጉሊት ይገናኝ የነበረውን ጎረቤት ለሁለት ከፈለው። እግረኛው ለመሻገር ወይ የድልድይ ደረጃ መውጣት ወይ ርቆ መዞር ግድ ሆነበት።

እኔን ነገሩ የቆረቆረኝ እናቴ ከኦጎልቾ መጥታ ገርጂ እኛ ጋር መኖር ስትጀምር ነው። በአርሲ፣ በዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ባለችው በዚያች ትንሽ ከተማ ቡና ሲፈላ ማዶ ያለን ጎረቤት ከደጅ ሆኖ መጥራት ይበቃል። እዚህ ደግሞ ታናሽ እህቷ የምትኖረው ከቀለበት መንገዱ ማዶ ነው። የቤቷ ጣሪያ ከበረንዳችን ይታያል። የድልድዩን ደረጃ ግን የእናቴ ጉልበት አይችለውም። ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪና ዞረን እናደርሳታለን፤ በሌላው ቀን እህትማማቾቹ በስልክ ይጠያየቃሉ። «ልጄ፣ ኦጎልቾ ብሆን ከደጄ ቆሜ ብጠራት ትሰማኝ ነበር» አለችኝ አንድ ቀን።

እንዲህ ያለውን መንገድ መልሰው ያፈረሱ ከተሞች አሉ። ሴኡል በቾንግጌቾን ወንዝ ላይ ተንጠልጥሎ ያልፍ የነበረውን ፈጣን መንገድ እ.ኤ.አ. በ2003 ማፍረስ ጀመረች። በ2005 በቦታው 5.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የወንዝ ዳር መናፈሻ ተከፈተ። የአውቶቡስ አገልግሎቷንም በዚያው ሰሞን አሻሻለች። ሳን ፍራንሲስኮ በበኩሏ በ1989 የመሬት መንቀጥቀጥ የተጎዳውን የባሕር ዳር ፈጣን መንገዷን ከመጠገን ይልቅ አነሳችው፤ ዛሬ ሰው እዚያ በእግሩ ይንሸራሸራል።

ቀለበት መንገዱ ነገ ይፍረስ አልልም፤ የጭነት መኪናውም መሄጃ ይፈልጋል። ነገር ግን ደረጃ ለማይወጣ ሰው፣ ለጋሪ ወንበር ተጠቃሚ፣ ሕፃን ላዘለች እናት የሚሆን መሻገሪያ ማበጀት ይቻላል። መብራትና ዜብራ ያለው፣ መኪናው ፍጥነቱን ቀንሶ የሚቆምበት ማቋረጫ ከድልድይ ይልቅ ለጉልበት ይራራል።

ይህ የአዲስ አበባ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሰላን የምታውቁ፣ የከተማዋ ዋና ጎዳና ከአዳማ ወደ ባሌ የሚያልፈው መንገድ መሆኑን ታውቃላችሁ። ኦጎልቾን የመሰሉ ከተሞችም እያደጉ ነው። መንገድ ሲሰፋ ደስ ይለናል፤ ሊለንም ይገባል። የትውልድ ከተማችሁ ነዋሪ ለስብሰባ ሲጠራ ግን አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፦ በትር የያዙ አንዲት እናት በየት በኩል ይሻገራሉ? አጥሩ ከመቆሙ በፊት ከተጠየቀ መልሱ ብዙ ወጪ አያስወጣም።