ልብን አስቆጥቶ መለካት

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ማብቂያ፣ የልብ ቀዶ ሕክምና ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን፣ ደም ከልብ እንዳይወጣ የሚያግድ ነገር አለ ተብሎ ደረቱ የተከፈተ ሕመምተኛ የሚቆረጥ ነገር ሳይገኝበት የሚቀርበት ጊዜ ነበር። የለንደኑ ቀዶ ሐኪም ራስል ብሮክ እ.ኤ.አ. በ1957 ይህን መሰል ሁኔታ ሲገልጹ፣ በአሜሪካ ቤተዝዳ ከተማ ደግሞ ቀዶ ሐኪሙ አንድሩ ግሌን ሞሮውና የልብ ሐኪሙ ዩጂን ብራውንዋልድ በ1959 ተመሳሳይ ሕሙማንን ይፋ አደረጉ፤ አስቀድሞ የተለካው ግፊት እገዳ መኖሩን እየመሰከረ፣ ልቡ ሲከፈት ግን የጠበበ ነገር አልተገኘም።

መሣሪያውም ሐኪሙም አልዋሹም። በዚህ ሕመም ሁለቱን የልብ ታችኛ ክፍሎች የሚለየው ግድግዳ ከመጠን በላይ ስለሚወፍር፣ የግራው ክፍል ደሙን ወደ አኦርታ፣ ማለትም ወደ ዋናው ደም ወሳጅ ቧንቧ፣ በሚገፋበት ቅጽበት ወደዚሁ ክፍል ደም የሚያስገባው በር፣ የሚትራል ቫልቭ፣ ቅጠሉ ወደ ግድግዳው ተስቦ መውጫውን ያጠበዋል። ለቀዶ ሕክምና ሲባል መምታቱን ባቆመ ልብ ውስጥ ግን ይህ ሁሉ የለም፤ እገዳው ሐኪም ቤት ደጃፍ ሲደርሱ እንደሚተው የጥርስ ሕመም ይሰወራል።

ስለዚህ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ግፊቱ መለካት ያለበት ልቡ ከመቆሙ በፊት፣ እየመታ ሳለ ነው። አንድ መርፌ በግራው ታችኛ ክፍል፣ ሌላው በአኦርታ ውስጥ ገብቶ ሁለቱ ግፊቶች በአንድ ጊዜ ይነበባሉ፤ የመጀመሪያው 180፣ ሁለተኛው 110 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ቢሆን፣ የግፊት ልዩነቱ 70 ነው፤ ከ30 ጀምሮ ያለው እገዳ ይባላል። ችግሩ ማደንዘዣው ልብን ስለሚያረጋጋ ልዩነቱን ሊያሳንሰው መቻሉ ነው። መፍትሔውም ትንሽ ነገረኛ ነው፤ ሊድን የመጣውን ልብ ማስቆጣት። ወይ አይሶፕሮቴሬኖል የተባለው፣ ልብን አፍጥኖ በኃይል የሚያስመታ መድኃኒት ይሰጣል፣ ወይ ልቡ ነካ ተደርጎ ያለ ጊዜው እንዲመታ ይደረጋል። ሐኪሙ ብሮከንብራው ከብራውንዋልድና ከሞሮው ጋር በ1961 እንዳሳዩት፣ ከዚህ ያልተጠበቀ ምት ቀጥሎ በሚመጣው ብርቱ ምት በጤነኛ ሰው አኦርታ ውስጥ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ግፊት መካከል ያለው ርቀት ሲሰፋ፣ በዚህ ሕመምተኛ ግን ይጠብባል፤ ልቡ በበረታ መጠን በሩን በራሱ ላይ ይዘጋልና።

የወፈረውን ግድግዳ ቆርጦ የማንሣት ቀዶ ሕክምና እስከ ዛሬ በሞሮው ስም ይጠራል፤ እርሳቸውም በዚሁ ሕመም ተይዘው በ1982 አረፉ። ዛሬ በጉሮሮ የሚገባ የአልትራሳውንድ መሣሪያ ከደሙ ፍጥነት ተነሥቶ ልዩነቱን ያሰላል፤ መርፌው ግን ግፊቱን በቀጥታ ይናገራል። ሥጋው ተቆርጦ ልቡ ዳግም መምታት ሲጀምር ልኬቱም ማስቆጣቱም ይደገማል፤ ልዩነቱ አሁንም ከፍ ያለ ከሆነ፣ ሕመምተኛው ልብን ተክቶ ደም ከሚያዘዋውረው መሣሪያ ጋር እንደገና ተገናኝቶ ቢላዋው ወደ ግድግዳው ይመለሳል።