ገደል ለማየት ዳገት መውጣት

ጉዞ ሲታሰብ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚታየው የሚሄድበት ቦታ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት በነርስነት ለሠራ ሰው ግን ቀድሞ የሚመጣበት «መንገድ ላይ ምን ሊገጥመን ይችላል?» የሚለው ሐሳብ ነው። ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት ቢሆነኝም ይህ አመል አልለቀቀኝም። ሰሞኑን የምጽፍበት ደብተር በሽተኛ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ስንልክ እንሞላው የነበረውን ወረቀት ይመስላል፤ የመድኃኒት ስም፣ የባቡር ሰዓት፣ የከፍታ ልክና የስልክ ቁጥር ተደባልቀው ሰፍረውበታል። በሽተኛዋ ታናሽ እህቴ ናት። የምንሄደው አሜሪካ፣ አሪዞና ውስጥ ወዳለው ግራንድ ካንየን ሲሆን ጉዟችን በባቡር ነው።

እህቴ ሎስ አንጀለስ መኖር ከጀመረች ሠላሳ አንድ ዓመት ሆናት። የሰው አዛውንት ስትንከባከብ፣ ልጅ ስታሳድግ፣ ለአገር ቤት ገንዘብ ስትልክ፣ የምትኖርበትን አገር ሳታየው ጠጉሯ ሸበተ። ወጥ ቤቷ ግድግዳ ላይ ከድሮ ካላንደር የተቆረጠ የካንየኑ ፎቶግራፍ አለ። «አንድ ቀን» እያለችው ኖረች። ከስድስት ዓመት በፊት ግን ሳንባዋ ላይ ጠባሳ ተገኘባት። ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ከዚያ ወዲህ አገር ቤት መጥታ አታውቅም።

እናታችን ሰማንያ ስምንት ዓመቷ ነው። ከደብረ ብርሃን አምጥቻት አዲስ አበባ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ማታ ማታ ከእህቴ ጋር በስልክ ይተያያሉ። እናታችን የምትጠይቀው ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «መቼ ነው የምትመጪው?» እህቴም «በቅርቡ እማዬ» ትላታለች። ስልኩ ሲዘጋ እናቴ ወደ እኔ ዞራ «በቅርቡ ማለት በፈረንጅ ስንት ወር ነው?» ትለኛለች።

እህቴን ያስቀራት ከፍታ ነው። ሎስ አንጀለስ የውቅያኖስ ጠረፍ ከተማ ናት። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ላይ ናት። በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ የትም ቢሆን 21 በመቶ ገደማ ነው፤ ከፍ ባልን ቁጥር ግን የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል። 2,100 ሜትር ላይ ሲደረስ ከባሕር ወለሉ አንድ አምስተኛ ያህሉ ይጎድላል። ጤነኛ ሰው ፈጠን ብሎ በመተንፈስ ጉድለቱን ይችለዋል። ጠባሳ ያለበት ሳንባ ግን ባሕር ዳርቻም ሆኖ ሥራው ከብዶታል። ደጋ ተወልዳ፣ የደጋ ዳገት ላይ ውኃ ቀድታ ያደገች ልጅ፣ ዛሬ ደጋው ይከብዳት ይሆን ብለን የምንጨነቅባት ሆነች።

አውሮፕላኑም ቢሆን ያው ነው። የመንገደኞች ክፍል ውስጥ ያለው የአየር ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ካለው ቦታ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ባለፈው ዓመት ሐኪሟ ኦክስጅኑ ወደ 15 በመቶ የተቀነሰ አየር እያስተነፈሱ በደሟ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን መረመሩ። በረራ ላይ ኦክስጅን እንደሚያስፈልጋት ታወቀ። «በኦክስጅን መብረሩ ይቻላል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ከአውሮፕላን ከወረዱ በኋላ ለሳምንታት እዚያ ከፍታ ላይ መክረምዎ ነው። ይህንን በአንድ አጭር ምርመራ ላውቀው አልችልም» አሏት።

መላውን ያመጣችው እህቴ ራሷ ናት። አንድ ማታ «እትዬ፣ ካንየኑ ስንት ሜትር ላይ ነው?» አለችኝ። አየሁላት። ብዙ ጎብኚ የሚሄድበት ደቡባዊው አፋፍ 2,100 ሜትር ያህል ላይ ነው። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ገደል የተባለው ነገር የሚታየው ከአዲስ አበባ ብዙም ከማይርቅ ከፍታ ላይ ቆሞ ነው ማለት ነው! ሐሳቡን ለሐኪሟ ነገረቻቸው። ኦክስጅኗን ይዛ፣ ደረጃ በደረጃ ወጥታ፣ ጥቂት ሌሊት አድራ እንድትመለስና ውጤቱን እንድናመጣላቸው ፈቀዱ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ካንየኑ ላይ ቢከብዳት በመኪና በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ ይቻላል። ከውቅያኖስ በላይ ግን «አውርዱኝ» አይባልም።

የእህቴ ልጅ መጀመሪያ አልተስማማችም። «አክስቴ፣ በሽተኛ ሰው ይዞ ባቡር ምን ያደርጋል? እኔ በመኪና አደርሳችኋለሁ» አለች። መንገዱ ስምንት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለስምንት ሰዓት እግርን አጥፎ መቀመጥ ደም በባት ውስጥ እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ላይ ቢያርፍ ደግሞ ለእንደ እህቴ ያለ ሰው ትልቅ አደጋ ነው። ባቡር ላይ ትጋደማለች፣ ትነሣለች፣ መተላለፊያው ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ መጸዳጃ ቤት ቅርብ ነው። እኔም ጎኗ ነኝ። በመጨረሻ ሁላችንንም ያስማማ ነገር ተገኘ፤ እኛ በባቡር እንሄዳለን፣ ልጅቱ መኪናዋን ይዛ ትከተለናለች። መኪናዋ አምቡላንሳችን ሆነች ማለት ነው።

ባቡሩ ሳውዝዌስት ቺፍ ይባላል። ከሎስ አንጀለስ ተነሥቶ ቺካጎ የሚደርስ ሲሆን 3,600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ባለ ሁለት ፎቅ ነው። የአልጋ ክፍሎቹ አብዛኞቹ ጠባብ ናቸው፤ ለአካል ጉዳተኛ የተዘጋጀው ክፍል ግን ታችኛው ፎቅ ላይ ስለሆነ ደረጃ መውጣት አይጠይቅም፣ መጸዳጃውም እዚያው ውስጥ ነው። የአልጋ ክፍል ለያዘ ሰው ምግብ በቲኬቱ ውስጥ ይካተታል፤ እህቴ ግን ድርቆሽና በሶ ካልያዝኩ አልሳፈርም ብላለች። ስለ ኦክስጅን ደንብ አላቸው፤ ከጉዞው ቢያንስ 12 ሰዓት አስቀድሞ ማሳወቅ ያስፈልጋል፣ መሣሪያውም ያለ ባቡሩ ኤሌክትሪክ ቢያንስ ለአራት ሰዓት መሥራት አለበት። እኔ በዚያ አልረካሁም። የአራቱን ሰዓት እጥፍ የሚያሠራ ትርፍ ባትሪ አስገዛኋት። ባቡር እንደሚዘገይ የማያውቅ የለም።

በሰዓቱ ጉዳይ ግን ብዙ ተሳሳቅን። እሷ በፈረንጅ ሰዓት ትናገራለች፣ እኔ በሐበሻ እጽፋለሁ። «ከምሽቱ ስድስት ይነሣል» ትላለች፣ እኔ «12 ሰዓት» ብዬ እጽፋለሁ። በዚያ ላይ አሪዞና አብዛኛው ክፍሏ እንደ ሌሎቹ ግዛቶች በየወቅቱ ሰዓት አትቀይርም። ስለዚህ እያንዳንዱን ሰዓት ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ቀለም ጽፌዋለሁ።

በወጣትነቴ ድሬዳዋ ሠርቻለሁ። ያኔ በአሮጌው ባቡር ተሳፍሬ አዲስ አበባ ስመላለስ፣ ሙቀቱን እያራገፍኩ ወደ ብርዱ ስወጣ ይታወቀኝ ነበር። ያ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ከጅቡቲ፣ ከባሕር ወለል ተነሥቶ ነው፤ አዋሽ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ይጠብቀዋል፣ ከዚያ ወደ ደጋው ይወጣል። የአሪዞናውን መስመር በካርታ ስከተለው ያንን አስታወሰኝ። ከሎስ አንጀለስ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ኪንግማን የምትባል ከተማ ሲደርስ ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው። «ኪንግማን አዋሻችን ናት» አልኳት። እዚያ ወርደን ሁለት ሌሊት እናድራለን። እህቴ በአንድ ሌሊት እስከ ላይ መድረስ ፈልጋ ነበር። በዚህ ነገር ግን ነርስነቴ ታላቅነቴን ረዳው፤ ሰውነት ለአዲስ ከፍታ ጊዜ ይፈልጋል።

ከኪንግማን ወደ ዊሊያምስ በልጅቱ መኪና ቀን በቀን እንሄዳለን። ዊሊያምስ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ወደ ካንየኑ የሚወስደው ሁለተኛው ባቡር የሚነሣው ከዚያ ነው። ይህ መስመር እ.ኤ.አ. በ1901 ሥራ የጀመረ ሲሆን ርዝመቱ 103 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪና እየበዛ ሲመጣ መንገደኛ ጠፋና በ1968 መንገደኛ ማመላለሱን አቆመ፤ በ1989 እንደገና ተነሣ። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ተነሥቶ ሁለት ሰዓት ከሩብ ያህል ይጓዝና ተሳፋሪውን አፋፉ አጠገብ፣ በግንድ በተሠራ ጣቢያ ያወርዳል። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ተኩል ይመለሳል። በመካከሉ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል አለን። ለሌላ ሰው ያንሳል ይባል ይሆናል፤ ለእኛ በቂ ነው።

ካንየኑን የቦረቦረው የኮሎራዶ ወንዝ ነው። ርዝመቱ 446 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ በሰፊው ቦታ 29 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ1,600 ሜትር ይበልጣል። እኛ ሐበሾች ገደል አይገርመንም፤ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን የተሻገረ ሁሉ የአባይን በረሃ ያውቀዋል። አባይን ግን የምናየው መንገድ ስለሆነብን ነው፤ እንወርዳለን፣ ሙቀቱን እንቀምሳለን፣ ድልድዩን አልፈን እንወጣለን። እዚያ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ማየት ብቻ ይቻላል። እኛም ወደ ታች አንወርድም። የአፋፉ መንገድ በከፊል የተነጠፈ በመሆኑ ተሽከርካሪ ወንበር ይሄድበታል፤ ከቦታ ቦታ የሚያመላልሱት ነጻ አውቶቡሶችም ወንበር ይቀበላሉ። እህቴ «ወንበር ላይ አልቀመጥም፣ ሰው ያየኛል» ብላ ነበር። «ሰው የሚያየው ገደሉን ነው» አልኳት።

የመረጥነው ወር ጥቅምት ነው። የበጋው ሙቀትና ነጎድጓድ አልፏል፣ በረዶው ገና ነው፤ ሌሊቱ ግን ይቀዘቅዛል። ጋቢ እይዝላታለሁ።

ስለ መድኃኒት ያሰብኩትን ለአንባቢም ይጠቅም ይሆናልና ልንገራችሁ። መድኃኒት ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ከእጅ በማይለይ ቦርሳ ውስጥ ነው። ለስድስት ቀን ጉዞ የአሥር ቀን ይያዛል። ስሙ በንግድ ስሙ ብቻ ሳይሆን በመድኃኒቱ ዋና ስም ይጻፋል፤ በሽታው፣ የማይስማማት መድኃኒትና የሐኪሟ ስልክ በአንድ ገጽ ላይ ይሰፍራሉ፤ ሦስት ቅጂ፣ በሦስታችን ቦርሳ። የጣቱን መሣሪያ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እናያለን። ዋናው ፈተና ግን ሌሊት ነው፤ ሰው ሲተኛ ትንፋሹ ስለሚዝል የደሙ ኦክስጅን ይወርዳል። ስለዚህ ዊሊያምስ በምናድርባቸው ሌሊቶች የምተኛው በፈረቃ ነው፤ ለዚህ እንግዳ አይደለሁም። ሐኪሟ የሰጡኝ ቁጥር አለ። ከዚያ ወርዶ ከቆየ፣ ወይም ተቀምጣ ሳለ ትንፋሽ ካጠራት፣ ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ንግግሯ ከተዘበራረቀ፣ ምክክር የለም፤ ኦክስጅኗን አድርገን አስቸኳይ እርዳታ እንጠራለን። መጠነኛ ድካምና ራስ ምታት ብቻ ከሆነና አልሻል ካለ ደግሞ መኪና ውስጥ ገብተን ወደ ኪንግማን እንወርዳለን። ለከፍታ ሕመም ከሁሉ የሚበልጠው መድኃኒት መውረድ ነው።

ይህን ሁሉ ስጽፍ እህቴ አንድ ማታ «ፈርተሽልኛል አይደል?» አለችኝ። አዎ፣ ፈርቼላታለሁ። በሥራ ዘመኔ ያየሁት አንድ ነገር ግን አለ፤ ብዙ በሽተኛ የሚደክመው በበሽታው ብቻ አይደለም፣ «አትችልም» በሚለውም ቃል ነው። «አትችልም» የሚለውን ቁጥር አይቶ መናገር የሐኪም ሥራ ነው። ቁጥሩ ሳይታይ መናገር ግን የፍርሃት ሥራ ነው። እኛ የምንሄደው ቁጥሩን ለማየት ነው። መልካም ከሆነ ቀጣዩ ሥራ የአውሮፕላኑ ይሆናል፤ ለበረራው አንድ ተኩል እጥፍ ጊዜ የሚበቃ ባትሪ መግዛት፣ ለአየር መንገዱ ወረቀት ማስሞላት፣ እዚህም ቤቴ ውስጥ ኦክስጅን ማዘጋጀት። መልካም ካልሆነ ደግሞ ቢያንስ ሠላሳ አንድ ዓመት በግድግዳ ላይ ያየችውን በዓይኗ ታየዋለች፤ እኛም ለእናታችን እውነቱን የምንነግርበትን ቃል እንፈልጋለን።

ለእናታችን እስካሁን ያልነው እኔ እህቴን ልጠይቅ እንደምሄድ ብቻ ነው። በሰማንያ ስምንት ዓመት ላይ ተስፋ ሰጥቶ መንሳት ከባድ ነው። የቀረውን ከተመለስኩ በኋላ፣ ደጉም ይሁን ክፉው፣ አጠገቧ ተቀምጬ እነግራታለሁ። ስለዚህ ይህን ጋዜጣ የምታነቡ ጎረቤቶቻችን፣ ቡና ለመጠጣት ስትመጡ አደራ! እሷ ማንበብ ዓይኗ አይፈቅድላትም፤ ጆሮዋ ግን ደህና ነው።