ቀሐ ዳር ድረ ገጽ በኪሎባይት ይመዘናል

በሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የሕዝብ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሐበሻ መምህር ለክፍሉ ድረ ገጽ ሲያዘጋጅ ከባዶ አይነሳም። መድረኩን ትምህርት ቤቱ ሰጥቶታል፤ ካውንቲው ለወላጆች የሚያወጣቸውን መረጃዎች በአማርኛ ጭምር ያስተረጉማል። የዚህ መምህር ጭንቀት ሕግ ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2024 እ.ኤ.አ. ያወጣው ደንብ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ድረ ገጽ ለአካል ጉዳተኞች እንዲመች ያስገድዳል፤ እያንዳንዱ ሥዕል ማየት ለማይችል ተማሪ የጽሑፍ መግለጫ፣ እያንዳንዱ ቪዲዮ መስማት ለማይችል የግርጌ ጽሑፍ ይፈልጋል።

ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ በሚሞላው ቀሐ ወንዝ አካባቢ፣ ጎንደር ላይ የሚያስተምረው ባልደረባውስ? እሱ ያለው ቴሌግራም ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር የታተመ መጽሐፍ ያልደረሳቸው ብዙ ተማሪዎች ፒዲኤፉን ከዚያ አውርደው ተምረዋል። መምህሩም ቻናል ይከፍታል፤ ሃንድአውቱን፣ ወርክሺቱን፣ የሞዴል ፈተናውን ይለቅቃል። ችግሩ ቻናል በክረምት እንደሞላ ቀሐ መሆኑ ነው፦ ጥቅምት ላይ የተለቀቀ ማስታወሻ ኅዳር ሳይጋመስ በሰላምታ፣ በማስታወቂያና በውጤት ዝርዝር ተገፍቶ ይሄዳል። (ውጤትን ከነሙሉ ስም መለጠፍ ራሱን የቻለ ጉድ ነው፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም።)

የሚያስፈልገው ማውጫ ያለው፣ ምዕራፍ በምዕራፍ የተደራጀ ድረ ገጽ ነው። ግን ቀላል ይሁን።

ቀላል ማለት በባይት ነው። አንድ የአማርኛ መምህር የሰዋስው ማስታወሻውን ሰሌዳ ላይ ጽፎ በስልክ ፎቶ ቢያነሳው ምስሉ 3 ወይም 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ያንኑ ቢተይበው አንዱ ፊደል በተለመደው የዩኒኮድ አቀማመጥ 3 ባይት ይይዛል፤ 1000 ፊደል 3 ኪሎባይት ገደማ መሆኑ ነው። ከፎቶው ሺህ ጊዜ ያህል ቀለለ ማለት ነው፤ ያውም ተማሪው ቃል ጽፎ ሊፈልግበት ይችላል። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሆኖ ሳለ በቪዥዋል ግዕዝ የተተየቡ የቆዩ ጥያቄዎች አሁንም ከእጅ አልወጡም። ከዚያ ተገልብጠው ስልክ ላይ ሲለጠፉ የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ይሆናሉ፤ እንደገና ከመተየብ ወይም በመቀየሪያ ፕሮግራም ከማሳለፍ ሌላ መላ የላቸውም።

ቀላል መሆን ብቻ ግን አይበቃም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ሰርቨር ላይ ብቻ የተቀመጠ ትምህርት እንደሌለ ይቆጠራል። ስለዚህ ለጎንደር፣ ይልቁንም ለዳባትና ለደባርቅ ገጠር የሚታሰብ ድረ ገጽ ሙሉውን በአንድ ፎልደር መጠቅለል አለበት፤ በፍላሽ፣ በሚሞሪ ካርድ ወይም በፋይል ማጋሪያው በዜንደር ከስልክ ስልክ ይሻገር። ገጽን ከገጽ የሚያያይዘው ሊንክም የኢንተርኔት አድራሻ ሳይሆን እዚያው ፎልደር ውስጥ ያለውን ፋይል ይጥራ። ይህን ለመማር የአንድ ከሰዓት ሥልጠና ይበቃል።

ውጭ አገር ሆኖ ለተማረበት ትምህርት ቤት ድረ ገጽ በስጦታ የሚያሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው ሌላ ነገር ነው፦ የሚገለባበጡ ፎቶዎች፣ የርእሰ መምህሩ መልእክት፣ የእንኳን ደህና መጣችሁ ቪዲዮ። ተማሪው የምዕራፍ 4ን ጥያቄ እየፈለገ ካርዱ ያልቅበታል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የመጣው በቴሌቪዥን የሚተላለፍ የፕላዝማ ትምህርትም የተነቀፈው በዚሁ በኩል ነበር፤ ትምህርቱ ሌላ ቦታ ተዘጋጅቶ ሲመጣ መምህሩ አጠገቡ ቆሞ ተመልካች ሆነ። ገንዘቡ ለዌብ ዲዛይነር ከሚሄድ ለመምህራኑ ሥልጠና ቢውል ይሻላል።

ያለ ኢንተርኔት ለፈተና መለማመድም ይቻላል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2016 ዓ.ም. ከወረቀቱ ጎን በኦንላይንም መሰጠት ጀምሯል። ለዚያ መለማመጃ ሙድልን የመሰለ ነጻ የማስተማሪያና የመፈተኛ ሶፍትዌር በትምህርት ቤቱ የኮምፒውተር ክፍል አንዱ ኮምፒውተር ላይ ጭኖ ሌሎቹን በኬብል ማገናኘት ይቻላል፤ መብራት እስካለ ድረስ ተማሪው ያለ ኢንተርኔት መልሱን በማውስ እየመረጠ፣ ሰዓቱ ሲቆጥር እያየ ይፈተናል።